ምስክር ቆጠራና ፍርድ፦ የክርስቶስ ትንሣኤ ታሪካዊ ክርክሮች በአማርኛ ቃላት ሚዛን

የክርስቶስን ትንሣኤ በታሪክ ማስረጃ ለማጽናት የሚቀርቡት ክርክሮች ዛሬ በያዙት መልክ የተወለዱት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። የተወለዱትም ለታወቀ ባለጋራ መልስ ለመስጠት ነው። ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው ድርሰት፣ የተፈጥሮን ሕግ የሚሽር ነገር ተደረገ ብሎ ከማመን ይልቅ ምስክሩ ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል ብሎ ማመን ምንጊዜም እንደሚቀል ተከራከረ። ሌሲንግ በ1770ዎቹ የሬይማሩስን ጽሑፎች በቁራጭ በቁራጭ ሲያሳትም፣ ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን ሰረቁ የሚለው አሮጌ ክስ አዲስ ልብስ ለብሶ ወጣ። ሽትራውስ ደግሞ በ1835 የስርቆቱን ክስ ወደ ጎን ትቶ፣ የትንሣኤ ታሪኮች ከእምነት የበቀሉ ትረካዎች ናቸው አለ። ከዚያ ወዲህ ለትንሣኤ የሚሟገቱ ሊቃውንት ሁሉ፣ ስማቸውን ቢጠሩም ባይጠሩም፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ግን የክርክሩ ጎረቤት ሌላ ነው። ሙስሊሙ ተአምር አይክድም፤ እግዚአብሔር ሙታንን እንደሚያስነሣም ያምናል። በቁርኣን 4ኛ ሱራ 157ኛ አንቀጽ ላይ ተመሥርቶ፣ አብዛኞቹ ሙፈሲሮች እንደሚተረጉሙት፣ የማይቀበለው ከትንሣኤው በፊት ያለውን ስቅለቱን ነው። በታንዛኒያና በኬንያ በስዋሂሊ «ሚሃዛራ» እየተባሉ በአደባባይ የተካሄዱት ክርክሮች፣ እንዲሁም የደቡብ አፍሪካው አሕመድ ዲዳት ስለ ስቅለት የጻፋቸው ትንንሽ መጻሕፍት፣ ነገሩን በዚሁ ነጥብ ላይ አክርረውታል። ስለዚህ ለሂዩም የተዘጋጀው መልስ በአማርኛም ሆነ በስዋሂሊ ሲቀርብ፣ አድማጩ ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከክርክሩ ጋር ቃላቱም ይሻገራሉ። «ተነሣ»፣ «ታየ»፣ «ተገለጠ»፣ «ምስክር» የሚሉት ቃላት በግሪክኛው ካላቸው ስፋት ይልቅ በአማርኛ አንዳንዴ ይሰፋሉ፣ አንዳንዴም ይጠብባሉ። የማስረጃው ክብደት የሚያርፈው ደግሞ በእነዚሁ ቃላት ላይ ነው።

የጳውሎስ ዝርዝር

ከማስረጃዎቹ ሁሉ በዕድሜም በክብደትም ቀዳሚው፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መጀመሪያ መልእክት 15ኛ ምዕራፍ ላይ የሚገኘው ዝርዝር ነው። መልእክቱ በ53 እና በ55 መካከል እንደ ተጻፈ ይገመታል። ስቅለቱ በ30 ወይም በ33 ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ነው። ጳውሎስ ግን ዝርዝሩን ራሱ እንዳልደረሰው፣ የተቀበለውን እንዳሳለፈ ይናገራል። «መቀበል» እና «ማሳለፍ» በዘመኑ በነበሩት የአይሁድ መምህራን ዘንድ ትምህርት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍባቸው ቃላት ነበሩ። ይህን ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ ይልቅ ቅርብ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቃል ትምህርት ከመምህር ሲቀበል የኖረ ተማሪ፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ የላላ ነው ብሎ አይጠረጥርም። በቃል የተያዘ ነገር በቃል የተያዘበት ቅርጽ እንዳለው፣ ቅርጹም እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ጳውሎስ ዝርዝሩን የት ተቀበለ? ለገላትያ ሰዎች እንደ ጻፈው፣ ከተጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከኬፋ ጋር 15 ቀን ሰንብቷል፤ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም አይቷል። በዚያ ቦታ የሚገኘው የግሪክኛ ግስ «ታሪክ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ሰውን መጎብኘትንም ከሰው ጠይቆ መረዳትንም ያመለክታል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳሉ። አማርኛው በ«ጠየቀ» ሲመልሰው ምንም ሳይቸገር ሁለቱንም ይይዛል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ያወቀም ይጠየቃል። ዝርዝሩ በእነዚያ 15 ቀናት ተላልፎ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ነገር ግን ጳውሎስ በዝርዝሩ ላይ በስም ከሚጠሩት ከሁለቱ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት መነጋገሩ ራሱ በጻፈው ቃል የታወቀ ነው። ከጥንታዊ ታሪክ ምንጮች ስንቱ እንዲህ ያለ ዕድል እንዳለው ሲታሰብ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገሩ የሙግት ሥርዓት ተሟጋች ምስክር «ይቆጥራል» ይባላል። ጳውሎስም ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ኬፋ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች በአንድ ጊዜ፣ ያዕቆብ፣ ሐዋርያት ሁሉ፣ በመጨረሻም ራሱ። ከ500ዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት እንዳሉ መጨመሩ ምስክሮቹ ሊጠየቁ ይችላሉ ማለት ነው። ይሁንና ምስክር ቆጠራ የራሱ ሕግ አለው፤ የተቆጠረው ምስክር ስምና አድራሻ ሊኖረው ይገባል። 500ዎቹ ስምም ቦታም የላቸውም፣ ከአራቱ ወንጌላትም አንዱ ስለ እነርሱ በግልጽ አያነሣም፣ ቆሮንቶስም ከይሁዳና ከገሊላ በባሕር የራቀች ናት። ጠበቃው ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የክርክሩ አክሊል ሲያደርገው ይታያል። ቁጥሩ ግን ከዝርዝሩ ሁሉ እጅግ ደካማው ክፍል ነው። የኬፋና የያዕቆብ ስም ከ500ው ይከብዳል።

ያዕቆብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ማርቆስ የኢየሱስ ቤተ ዘመዶች አእምሮውን ስቷል ብለው ሊይዙት እንደ መጡ፣ ዮሐንስም ወንድሞቹ እንዳላመኑበት ይተርካሉ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በኋላ የቤተ ክርስቲያን አለቃ በሆነ ሰው ላይ ፈጥሮ የሚጽፍ አይገኝም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ጳውሎስ ያዕቆብን በኢየሩሳሌም ከዓምዶቹ እንደ አንዱ ያገኘዋል። በ62 ሊቀ ካህናቱ ሐናን እንዳስገደለው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ጽፏል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ምን ተደረገ? ዝርዝሩ በአንድ ቃል ብቻ ይመልሳል፦ ታየው። ሌላ ምክንያት መገመት ይቻላል፤ የቤተሰብ ክብር፣ የወንድም ሐዘን፣ ቀስ በቀስ የመጣ መለወጥ። ሆኖም የተጻፈው ያ አንድ ቃል ነው።

የቃላቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በግሪክኛው «ሞተ»፣ «ተቀበረ»፣ «ታየ» የሚሉት ግሶች ባለቀ ኃላፊ ጊዜ ሲቀመጡ፣ መካከላቸው ያለው «ተነሣ» ብቻውን በሌላ ጊዜ ቆሟል፤ ድርጊቱ አልፎ ውጤቱ እስከ አሁን የጸና መሆኑን በሚያመለክት ጊዜ። አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ «ተነሥቷል» የሚል የተዘጋጀ ቅርጽ ሲኖረው፣ የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ አራቱንም ግሶች በአንድ ረድፍ አሰልፎ «ተነሣ» ብሏል። ለንባብ ዜማ ይስማማል፤ ለክርክሩ ግን አንድ ነገር ጠፍቷል። ሦስቱ ግሶች የሆነውን ይናገራሉ፣ አራተኛው እምነትን ይመሰክራል፤ ታሪክ ጸሐፊው የሚመረምረውና አማኙ የሚያውጀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ከግሱ ጊዜ ለውጥ ይታይ ነበር።

ሁለተኛም ግሪክኛው በተደራጊ ቅርጽ የቆመ ነው፤ «እንዲነሣ ተደረገ» ለማለት ይቀርባል፣ አድራጊውም እግዚአብሔር ነው። ጳውሎስ በሌሎች መልእክቶቹ ይህንኑ በግልጽ ይላል። የአማርኛው «ተነሣ» ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል፤ ሰው ከተኛበት ይነሣል፣ ዕቃም ከተቀመጠበት ይነሣል። የግእዙ «ተንሥአ»ም እንዲሁ ነው። ነገረ መለኮቱ በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም በራሱ ሥልጣን ተነሣ ለሚለው ትምህርት ቋንቋው በር ይከፍታል።

ከሁሉ የሚከብደው «ታየ» ነው። ይህ የግሪክኛ ግስ በሰባ ሊቃናት ትርጉም እግዚአብሔር ለአብርሃም በተገለጠበት ቦታ የሚገኝ ነው። በሐዋርያት ሥራ 16ኛ ምዕራፍ አንድ የመቄዶንያ ሰው በሌሊት ራእይ ለጳውሎስ የታየውም በዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ዓይን ያየውን ሥጋና መንፈስ የተረዳውን ራእይ አይለይም። ጳውሎስ ራሱን እንደ ጭንጋፍ ቆጥሮ በዝርዝሩ መጨረሻ ሲያስገባ ለኬፋ የተጠቀመበትን ግስ ሳይለውጥ ለራሱ ይጠቀምበታል። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይወጣል፦ ለኬፋ የታየው ለጳውሎስ እንደ ታየው ከሆነ የኬፋም መገለጥ ራእይ ነበር፤ ወይም ለጳውሎስ የታየው ለኬፋ እንደ ታየው ከሆነ የደማስቆው ነገር ከራእይ በላይ ነበር። በግእዝ «አስተርአየ» የሚለው ቃል ለጥምቀት በዓልና ለዘመኑ «አስተርእዮ» የሚለውን ስም የሰጠ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጆሮ መለኮታዊ መገለጥን ወዲያው ያሰማል። የአማርኛው «ታየ» ግን የዕለት ተዕለት ቃል ነው፤ ከተራራው ላይ ሰው ታየ እንደሚባለው። አንባቢው ግሪክኛው ክፍት የተወውን በር «ታየ» ዘግቶት እንዳገኘ ላያስተውል ይችላል።

ባዶው መቃብር

ጳውሎስ «ተቀበረ» ከማለት በቀር ስለ መቃብሩ አይናገርም። ባዶውን መቃብር የምናገኘው በወንጌላት ነው፤ ቀዳሚው ማርቆስ ሲሆን እርሱም በ70 አካባቢ የተጻፈ እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። የተሰቀለ ሰው ይቀበር ነበርን? የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሮማውያን የተሰቀሉትን ለአሞራና ለውሻ ይተዉ ስለ ነበር ኢየሱስም እንዲሁ ሆኖ ይሆናል የሚሉ አሉ። በ1968 በኢየሩሳሌም አጠገብ በጊቭዓት ሃሚቭታር በተገኘ የአጥንት ሣጥን ውስጥ ግን፣ ተረከዙ ላይ ሚስማር እንደ ተቸነከረ የቀረ የአንድ የተሰቀለ ሰው አጥንት ተገኝቷል፤ ሰውየው በቤተሰቡ መቃብር በክብር ተቀብሯል። ይህ አንድ ግኝት የአርማትያሱን ዮሴፍ አያረጋግጥም፤ «ሊሆን አይችልም» የሚለውን ግን ይዘጋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማስረጃ የሴቶቹ ነው። ፍላቪየስ ዮሴፍ የሴቶች ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕጉን ሲተረጉም ጽፏል፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሴልሰስ የተባለው አረማዊ ፈላስፋም ትንሣኤውን አየች በምትባለው ሴት ላይ ተሳልቋል። ታሪኩን ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው መግደላዊት ማርያምን ሳይሆን ጴጥሮስን ያስቀድም ነበር ይባላል። ክርክሩ ጉልበት አለው፤ ነገር ግን እንደሚነገርለት አይደለም። ወንጌላቱ የፍርድ ቤት መዝገብ አይደሉም፤ ወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ሸሽተዋል ብሎ አስቀድሞ የተረከ ጸሐፊ በመቃብሩ ዘንድ ሊያቆም የሚችለው የቀሩትን ሴቶች ነው፤ ሬሳ መቀባትም የሴቶች ሥራ ነበር። የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ ሌላ ነው፦ በጳውሎስ ዝርዝር ውስጥ ሴቶቹ የሉም። ሴቶች በመኖራቸው ወንጌላቱ ይታመናሉ ካሉ፣ ሴቶች ባለመኖራቸው ዝርዝሩ ምን ይባላል? ምናልባት ምስክር ሲቆጠር በሸንጎ የማይቆጠሩት ተዘልለው ይሆናል። ከሆነ፣ የሴቶቹ ክርክር የሚደገፈው ራሱ ዝርዝሩ በደበቀው ነገር ነው።

የማቴዎስ ወንጌል ጠባቂዎቹ ገንዘብ ተቀብለው ሥጋው ተሰረቀ እንዳሉ፣ ወሬውም እስከ ዘመኑ በአይሁድ ዘንድ እንደ ነበረ ይናገራል። ተቃዋሚዎች «ተሰረቀ» ካሉ መቃብሩ ባዶ መሆኑን አምነዋል ማለት ነው የሚለው መደምደሚያ ልክ ነው፤ ግን የሚያስረዳው ማቴዎስ በጻፈበት ዘመን የነበረውን ሙግት እንጂ የሦስተኛውን ቀን ማለዳ አይደለም።

ስለ ማርቆስ መጨረሻ የግእዝ ቅጂዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑት ሁለቱ ታላላቅ የግሪክኛ ቅጂዎች፣ የሲናና የቫቲካን፣ ወንጌሉን 16ኛው ምዕራፍ 8ኛ ቁጥር ላይ ይዘጉታል፤ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም አልተናገሩም፣ ጌታም ለማንም ሲታይ አይተረክም። ከግእዝ ቅጂዎችም አንዳንዶቹ በዚያው ይቆማሉ የሚል ወሬ በአውሮፓ ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖረ። ብሩስ ሜትዝገር 65 የግእዝ ቅጂዎችን ሲመረምር በዚያ ቁጥር ላይ የሚዘጋ አንድም አላገኘም፤ አብዛኞቹ ከ8ኛው ቁጥር በኋላ አጭሩን መደምደሚያ፣ አስከትለውም ረጅሙን ይዘዋል። የስሕተቱ ምንጭ ሳይታይ የሚገለበጥ ዋቢ መሆኑ በታሪክ ማስረጃ ስም ለሚጽፍ ሁሉ የሚያሳፍር ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሌላም ነገር ይከተላል፦ በፍርሃትና በዝምታ የሚያበቃ ማርቆስ በአገሩ የንባብ ልማድ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ «ቀዳሚው ወንጌል መገለጥ አይተርክም» የሚለውን ተቃውሞ ሲሰማ ከየት እንደ መጣ አይገባውም፤ መልሱም አይገባውም።

በሌላ በኩል ከአራቱ ወንጌላት አንዱም ትንሣኤው ሲሆን የነበረውን ቅጽበት አይተርክም። ድንጋዩ ተንከባልሎ ይገኛል እንጂ የተነሣው ሲወጣ የታየ የለም። ያንን የሚተርከው በ1880ዎቹ በግብፅ በአኽሚም የተገኘው የጴጥሮስ ወንጌል የሚባለው ነው፤ በዚያ መስቀሉ ሳይቀር ከመቃብር ወጥቶ ይናገራል። ከዚህ ጎን ሲቀመጡ የአራቱ ወንጌላት ቁጥብነት ጎልቶ ይታያል። ቁጥብነት ግን እውነትን አያስረዳም፤ አዋቂ ተራኪም ቁጥብ ነውና።

የውጭ ምስክሮች

ታሲተስ በ116 ገደማ ክርስቶስ በጲላጦስ እንደ ተገደለ፣ እምነቱም ለጊዜው ተገትቶ እንደ ገና እንደ ፈነዳ ጽፏል። ስለ ትንሣኤ አይልም። ፍላቪየስ ዮሴፍ በ93 ወይም በ94 በጨረሰው መጽሐፍ 18ኛ ክፍል ኢየሱስ በሦስተኛው ቀን ሕያው ሆኖ እንደ ታየ የሚል ቃል ይገኛል። ቃሉን እንዳለ የሚቀበል ሊቅ ዛሬ ጥቂት ነው፤ በክርስቲያን ገልባጮች እጅ ተነክቷል። ሽሎሞ ፒነስ በ1971 ያሳተመው በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአጋጲዮስ የዐረብኛ ዜና ሞገስ የታከለበት ግምት አስነሥቶ ነበር፤ በዚያ ነገሩ የሚቀርበው ደቀ መዛሙርቱ እንደ ተናገሩት ሆኖ ነው። ያም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ መነሣቱ ሳይሆን ስለ መነገሩ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ዜና አይሁድ ተብሎ በግእዝ የታወቀው የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍ የዚህ የፍላቪየስ ዮሴፍ መጽሐፍ አይደለም። ከዕብራይስጡ ዮሲጶን በዐረብኛ በኩል የመጣ፣ መሠረቱም በደቡብ ኢጣሊያ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀ ድርሳን ነው። በስም መመሳሰል ብቻ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ምስክር አድርጎ መጥቀስ ሙግቱን ያበላሸዋል።

ከማስረጃ ወደ ፍርድ

ማስረጃዎቹ ከተቆጠሩ በኋላ የቀረው ፍርዱ ነው። ኤን. ቲ. ራይት በ2003 ባወጣው ከ800 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፉ፣ የአይሁድ ተስፋ የሙታን ሁሉ ትንሣኤ በዘመን መጨረሻ እንጂ የአንድ ሰው ትንሣኤ በታሪክ መካከል እንዳልነበረ በስፋት ያስረዳል። ስለዚህ ደቀ መዛሙርቱ ይህን ከራሳቸው አላመነጩትም፤ ባዶ መቃብርና መገለጥ በአንድነት ካልገጠማቸው በቀር እምነታቸው ሊወለድ አይችልም ይላል። መደምደሚያውንም እንደ አውግስጦስ ሞት ወይም እንደ ኢየሩሳሌም መፍረስ ባለ የእርግጠኝነት ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል በዘርፉ አቻ የሌለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጨረሻው ግን በሩጫ የተጻፈ ይመስላል። ሄሮድስና ሌሎች ሰዎች ኢየሱስን «ዮሐንስ ከሙታን ተነሥቶ ነው» ይሉ እንደ ነበር ማርቆስ ራሱ ይተርካል፤ የአንድ ሰው በመካከል መነሣት ለሕዝቡ አፍ ያን ያህል እንግዳ አልነበረም ማለት ነው። በ135 ባር ኮክባ ሲገደል ተከታዮቹ ተነሣ አላሉም የሚለው ንጽጽሩ ያስኬዳል፤ ሻብታይ ጽቪ በ1666 ሃይማኖቱን ሲለውጥ ግን እንቅስቃሴው አልጠፋም፣ ውድቀቱን የሚያስረዳ አዲስ ትምህርት ወለደ እንጂ። የተሰበረ ተስፋ ምን እንደሚወልድ አስቀድሞ መወሰን አይቻልም።

ጌሪ ሃበርማስ ሌላ መንገድ ይዟል። ከማይክል ሊኮና ጋር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ አማኝም ኢአማኝም ሊቃውንት የሚቀበሏቸውን ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይዞ ይከራከራል፦ መሰቀሉን፣ ደቀ መዛሙርቱ እንዳዩት ማመናቸውን፣ የጳውሎስንና የያዕቆብን መለወጥ። ባዶውን መቃብር 75 በመቶ ያህል ጸሐፊዎች እንደሚቀበሉት በመግለጽ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ዘዴው ለአደባባይ ክርክር የተመቸ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ስለ ትንሣኤ ለመጻፍ የሚነሣሣው በአብዛኛው አማኙ ስለ ሆነ፣ የጸሐፊዎች ብዛት የማስረጃ ብዛት አይደለም።

ተቃራኒውን የያዘው ጌርድ ሉደማን በ1994 ነገሩን በጴጥሮስ ሐዘንና ጸጸት፣ ከዚያም በተዛመተ ራእይ ሊፈታው ሞከረ። ለጴጥሮስ ይመስላል፤ ለጳውሎስ ግን አያስኬድም። ጳውሎስ ኀዘንተኛ ሳይሆን አሳዳጅ ነበር። ሉደማን በጳውሎስ ልብ ውስጥ የተደበቀ ጸጸት ሲፈልግ፣ ተአምርን ከታሪክ ያስወጣው ሰው ከ1,900 ዓመት በፊት የሞተን ሰው ልብ ማንበብ ይጀምራል።

የብዙ ሰዎች መገለጥ በተመለከተ ከቅርብ የመጣ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1968 ጀምሮ በካይሮ ዘይቱን በምትገኘው የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ድንግል ማርያም መታየቷን እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መሰከረ፤ ፓትርያርክ ቄርሎስ ስድስተኛም አጸደቁት። ምስክሮቹ ስም አላቸው፣ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። ከ500ው ስም የለሾች ጋር ሲመዘን የዘይቱኑ ሰነድ ይበልጣል። የዘይቱንን መገለጥ የሚቀበል የተዋሕዶ ምእመን ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ አይቸገርም። የሚቸገረው 500ውን የማይነቃነቅ ማስረጃ አድርጎ፣ ዘይቱንን ግን በአንድ ቃል የሚያሰናብተው ወንጌላዊ ጠበቃ ነው። ሁለቱንም የሚያሰናብተው ተጠራጣሪም፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አየሁ ሊል እንደሚችል ካመነ በኋላ፣ «500ው ፈጠራ ነው» ማለት አይችልም።

ዴል አሊሰን በ2021 ባሳተመው ሥራ እነዚህን ንጽጽሮች በትዕግሥት መርምሮ፣ ራሱ ክርስቲያን ሲሆን ማስረጃው ብቻውን ለማንም ወገን አይፈርድም አለ። ከዘርፉ መጻሕፍት ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቶሎ ሊተረጎም የሚገባው ይህ ነው። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አቁሞ መቆየት ይችላል፤ «ከሁሉ የሚሻለው ማብራሪያ አንድ ነው፣ ሌላው ይወገድ» የሚለው ዘዴ ለእርሱ እንግዳ ነው።

ስቅለቱና ትንሣኤው በአንድ ሚዛን

ወደ ቀንዱ ክርክር ሲመለስ ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ሆኖ ይገኛል። ክርስቲያኑ ስቅለቱን ለማስረዳት ታሲተስን፣ ፍላቪየስ ዮሴፍንና ጳውሎስን ሲጠራ የታሪክ ሙያ በሙሉ ድምፅ ከጎኑ ይቆማል። ዛሬ ኢየሱስ መሰቀሉን የሚክድ የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል። ግን ያው ሙያ፣ በዚያው ዘዴ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ለዓርቡ የጠራውን ዳኛ ለእሑዱ ማሰናበት አይቻልም። ሙስሊሙ ተከራካሪም ከዚህ አያመልጥም፤ ባርት ኤርማን በ2014 ታሪክ ትንሣኤን ሊያረጋግጥ አይችልም ማለቱን ሲጠቅስ፣ ያው ኤርማን በ2012 ስቅለቱን ስለ ኢየሱስ ከሚታወቁት እጅግ እርግጠኛ ነገሮች አንዱ አድርጎ መጻፉን አብሮ ሊቀበል ይገባዋል። በበላ ልበልሃ ሥርዓት አንድ ተሟጋች የራሱን ምስክር ከፍሎ፣ ግማሹ ቃል ይጽደቅልኝ ግማሹ ይቅር ቢል ሸንጎው ይስቅበት ነበር።

ታሪካዊው ክርክር ቢያሸንፍስ ምን ያተርፋል የሚለውን ጥያቄ ጠበቆቹ እምብዛም አያነሡትም። ፒንኻስ ላፒድ የተባለው ኦርቶዶክስ አይሁዳዊ ሊቅ በ1977 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የደቀ መዛሙርቱን መለወጥ ከመዘነ በኋላ፣ እግዚአብሔር ኢየሱስን በእርግጥ ከሙታን አስነሥቶታል ብሎ ደመደመ። የመሲሕነቱን ነገር ግን አልተቀበለም፤ ትንሣኤው አሕዛብ የእስራኤልን አምላክ እንዲያውቁ የተደረገ ነው አለ። ያንኑ ማስረጃ መዝኖ፣ ራይት የደረሰበት ቦታ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ምኵራቡ ተመለሰ። በ1997 ሲሞትም አይሁዳዊ ነበር።